መስመርም ዕድሜ አለው

አሰላ ውስጥ እርሳስ ይዞ የሰው መልክ የሚሞክር ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ሙገሳ «ቁርጥ እሱን!» የሚል ነው። ደግ ሙገሳ ነው፤ ልጁ ዓይኑንና እጁን አስተባብሮ ማየቱን ይመሰክርለታል። ችግሩ ሙገሳው ብቸኛ መለኪያ ሆኖ ሲቀር ነው። የሥዕል ደግነት በመምሰል ብቻ ከተለካ ባለፈው መቶ ዓመት ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች ብዙዎቹን «ምንድን ነው ይሄ?» ብለን ልናልፋቸው ነው። ከምናልፋቸውም መካከል የራሳችን ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች ይገኙባቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ኤክስፕሬሽኒዝም የሚባለውን የሥዕል መንገድ በአንድ ሠዓሊ ወረቀቶች በኩል ቀስ ብለን እናያለን። ሠዓሊው ኦስትሪያዊው ኤጎን ሺሌ ነው። የኖረው 28 ዓመት ብቻ ሲሆን ወደ 3,000 የሚጠጉ ንድፎችና የውሃ ቀለም ሥራዎች ትቶ አልፏል። እሱን የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። አብዛኞቹን ወረቀቶች ፈርሞ ዓመታቸውን ጽፎባቸዋል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ቢደረደሩ የአንድ ሰው መስመር እንዴት እንደተለወጠ ዓመት በዓመት ይነበባል። ይህን የመሰለ ለተማሪ የተመቸ መዝገብ ብዙ የለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የቆጠርኩበትን ቦታ እጠቁማለሁ።)

በመጀመሪያ ግን ቃሉን እናጥራ። ኤክስፕሬሽኒዝም በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ጎልቶ ወጣ። በ1905 ድሬስደን ከተማ ውስጥ አራት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች «ድልድይ» የተባለ ቡድን መሠረቱ፤ በ1911 ደግሞ ሙኒክ ላይ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» ተከተለ። የጋራ አሳባቸው አስቸጋሪ አይደለም። ከጭላሎ ተራራ ሥር እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርድ ሴት አለች እንበል። አንዱ ሠዓሊ የእንጨቱን ብዛት፣ የገመዱን አስተሳሰር፣ የነጠላዋን እጥፋት እንዳየው ያሰፍራል። ኤክስፕሬሽኒስቱ ግን ሸክሙ ወገቧ ላይ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል። ጀርባዋን ከጎበጠው አብልጦ ያጎብጠዋል፤ ገመዱን የያዙትን እጆች ያገዝፋቸዋል፤ መንገዱንና ዛፉን ያስቀራቸዋል፤ ፊቷን ድካም በሚመስል ቀለም ይሞላዋል። ሁለተኛው ሥዕል «አይመስልም»፤ ክብደቱ ግን ተመልካቹ ትከሻ ላይ ይደርሳል።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ወረቀት ከሸራ ይልቅ ይመቻል። ዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ይደራረባል፣ ይፋቃል፣ ሐሳብ ለመለወጥ ጊዜ ይሰጣል። እርሳስና የውሃ ቀለም ግን ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ መንቀጥቀጡ እዚያው ይቀራል። እኛ ዘንድ «ንድፍ» ሲባል ለዋናው ሥዕል መዘጋጃ ይመስለናል። ለሺሌና ለዘመነኞቹ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ዋናው ነበር።

ሺሌ በ1890 በዳንዩብ ወንዝ ዳር ባለችው ቱልን ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ፤ ልጁም መጀመሪያ የሣለው ባቡር ነው። አባቱ ሞተው፣ እሱም 16 ዓመቱ ላይ በ1906 የቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። የዚያ ዘመን ወረቀቶቹ የትጉህ ተማሪ ናቸው። የከሰል ጥላው ልክ ነው፣ አፍንጫና ጆሮ ቦታቸውን ይዘዋል፤ አሰላ ላይ ቢታዩ «ቁርጥ እሱን» ይባልላቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው። በኋላ ያጣመመው መስመር፣ ቀጥ አድርጎ መሣል ያቃተው ሰው መስመር አይደለም።

በ1907 ገደማ በቪየና ስሙ የገነነውን ጉስታቭ ክሊምትን አወቀ። የክሊምት መስመር ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፣ ጌጥ ይወዳል። ወጣቱም ለሁለት ዓመት ያህል እንደ እሱ ሣለ። በ1909 ከወግ አጥባቂ አስተማሪው ጋር መስማማት ስላቃተው ከጓደኞቹ ጋር አካዳሚውን ለቆ ወጣ።

በ1910 የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

የ1910ን ወረቀቶች ከ1909ዎቹ አጠገብ ብታስቀምጡ የአንድ ሰው ሥራዎች ለመሆናቸው ፊርማ መመልከት ያስፈልጋችኋል። የሚፈሰው መስመር እንደ እሾህ አጥር ሆኗል፤ ይሄዳል፣ ይሰበራል፣ ሹል ሆኖ ይታጠፋል። ትከሻ አጥንቱ ይታያል። ጣቶች ረዝመዋል፣ ተነጣጥለዋል። ክንድ ወረቀቱ ሳያልቅ ክርኑ ላይ ይቆማል። ሰውየው ተቀምጧል፣ ወንበሩ ግን የለም፤ ወለልም፣ ግድግዳም፣ ጥላም የለም። ባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ቆዳው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ላይ በሰውነቱ ዙሪያ ወፍራም ነጭ ቀለም ዞሮበታል፤ ነጩ ሰውየውን ከባዶው እየለየ ብቸኝነቱን ያባብሰዋል።

በዚሁ ዓመት ቪየና ውስጥ አንድ ሐኪም ፈቅዶለት በሴቶች ክሊኒክ ነፍሰ ጡሮችንና አራስ ሕፃናትን ሣለ። የሕፃናቱ ሥዕሎች የሚያባብሉ አይደሉም፤ ቀይ፣ የተጨማደዱ፣ ቡጢያቸውን የጨበጡ፣ ገና ዓለም ያልለመዳቸው ናቸው። አራስ ቤት ገብቶ ሕፃን ያየ ሰው እውነታቸውን ያውቃል።

የአሠራሩን መንገድ ያዩ ሰዎች ነግረውናል። ሥራዎቹን ይሰበስብ የነበረው የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሃይንሪሽ ቤኔሽ እንደመሰከረው ሺሌ ላጲስ አይጠቀምም ነበር። መስመሩን የሚሣለው ሰው ፊት ሆኖ ያወጣል፤ ከሳተ ወረቀቱን ትቶ ሌላ ይጀምራል። ቀለሙን ግን ሰውየው ከሄደ በኋላ ብቻውን ሆኖ ከትዝታ ይቀባል። ይህ ብዙ ነገር ያስረዳል። መስመሩ ዓይን ያየው ነው፤ ቀለሙ ልብ ውስጥ የቀረው ነው። ፊት አረንጓዴ የሆነው ሠዓሊው አረንጓዴ ፊት አይቶ ሳይሆን፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ የተረፈው ስሜት አረንጓዴ ስለጠየቀ ነው።

የእኛ ዓይን ለዚህ ሁሉ ባዕድ አለመሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን አስቀድመው የዳሩን መስመር ያወጣሉ፣ ውስጡን በድፍን ቀለም ይሞላሉ፣ መጨረሻ ላይ በጥቁር እንደገና ያጠሩታል። ጥላ አይጨነቁበትም። ከቅዱሱ ኋላ ያለው ሜዳ ብዙ ጊዜ ወጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው እንጂ ተራራና ሰማይ አይደለም። ዓይን ከልኩ በላይ ይተልቃል፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ሲያየን ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። መጠንና አቋም የሚወሰኑት በሚታየው ሳይሆን በሚታመነው ነው። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእኛ ሠዓሊ የጋራ እምነትን ይሥላል፤ ሺሌ የአንድ ሰው የውስጥ ጭንቀትን። ቢሆንም «ጥላ የሌለው፣ መስመሩ የገነነ፣ ሜዳው ባዶ የሆነ ሥዕል» ሲባል የእኛ ሰው የቪየና ነዋሪን ያህል መደንገጥ የለበትም።

በ1911 ቀለሙ ተለወጠ። የ1910 ቀለም ወፍሮ የተጣለ ነበር፤ አሁን ውሃው በዛ። ብሩሹ እርጥብ ሆኖ ያልፋል፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንደ ኩሬ ይጠራቀማል፣ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል፣ ሲደርቅ ጠርዙ ጠቆር ብሎ ይቀራል። በዚያው ዓመት የእናቱ አገር ወደሆነችው ክሩማው ሄዶ ኖረ፤ የከተማው ሰው አኗኗሩን ስላልወደደለት መልቀቅ ግድ ሆነበት። ከዚያ ለቪየና ቅርብ ወደሆነችው ኖይሌንግባህ ገባ።

እዚያ የተከሰተውን መሸፋፈን አይገባም። ብዙዎቹ ሥራዎቹ ራቁት ገላ ናቸው፤ ከሣላቸውም መካከል ታዳጊዎች ነበሩ። በሚያዝያ 1912 ከቤቷ የጠፋች አንዲት ታዳጊ እሱ ዘንድ በመጠለሏ ታሰረ። ጠለፋንና ማባለግን የሚመለከቱት ክሶች ሲወድቁ፣ ልጆች ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ነውር ሥዕል በማስቀመጥ ተፈረደበት። በጠቅላላው 24 ቀን ታሰረ፤ ዳኛውም ከሥዕሎቹ አንዱን ችሎት ላይ በሻማ አቃጠለው። ሥዕል ማቃጠሉን አልደግፍም። ነገር ግን የሠዓሊ ችሎታ ልጆችን የመጠበቅን ግዴታ አይሽርም፤ የሺሌን ሥራ የሚያስተምር ሰው ሁለቱንም አብሮ መናገር አለበት።

እስር ቤት ሳለ ወረቀትና ቀለም ሲፈቀድለት ከአሥር በላይ ሥራዎች ሠራ፤ በየሉኩ ላይ ቀኑንና አጭር ርዕስ ጻፈ። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሚያዝያ 19 ቀን 1912 የተሠራ ነው። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ በር፣ አልጋና ብርድ ልብስ። ሁሉም ግራጫና ቡናማ ነው፣ ቀለሙ ስስ፣ የእርሳሱ መስመር ከሥሩ ይታያል። አልጋው ላይ አንድ ብርቱካን አለ። ከወረቀቱ ስፋት አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዓይን ግን ሌላ የሚሄድበት የለውም። የሰጠው ርዕስም ብቸኛው ብርሃን ብርቱካኑ እንደነበረ የሚናገር ነው። እዚህ ማንም አልተጣመመም፣ ሰውም የለም። ታዲያ ኤክስፕሬሽኒዝሙ የት አለ? ሠዓሊው ቀለምን ከክፍሉ ሁሉ ነሥቶ ለአንድ ፍሬ መስጠቱ ላይ ነው። ስሜት ለመግለጽ የግድ መጮህ እንደማያስፈልግ ከሺሌ ሥራዎች ሁሉ በደንብ የሚያስተምረው ይህ ወረቀት ይመስለኛል። ለጀማሪም የሚመከር ልምምድ ይወጣዋል፤ ግማሽ ደርዘን ቀለም ያለው ሰው አምስቱን አደብዝዞ አንዱን ብቻ ቢለቅ ምን እንደሚሆን ይሞክር።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። በ1913 እና 1914 መስመሩ ጠነከረ፣ ሰውነቱ ላይ አጫጭር ጭረቶች በዙ፣ ቀለሙም ወረቀቱን ወደሚሸፍነው ጉዋሽ ወደሚባለው ወፍራም የውሃ ቀለም አደላ። ጥሩ ሥራዎች አሉበት፤ ነገር ግን አንዳንዱ ላይ ጠመዝማዛው አቋም ልማድ የሆነበት ይመስላል።

ከልማዱ ያወጣው ጦርነቱ ነው ባይ ነኝ። በሰኔ 1915 ኤዲት ሃርምስን አገባ፤ ከቀናት በኋላ ለውትድርና ተጠራ። በ1916 የሩሲያ መኮንኖች በምርኮ በተያዙበት ካምፕ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፣ ምርኮኞቹንም ሣላቸው። ወረቀቶቹ ጸጥ ያሉ ናቸው። ጺም፣ የተጣበበ ግንባር፣ የመኮንን ካፖርት። ሠዓሊው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጭንቀት ሰው ላይ ከማሳረፍ ተቆጥቦ የሌላውን ሰው ዝምታ የሚያዳምጥ ይመስላል።

በ1917 ወደ ቪየና ተመልሶ ጥቁር ክሬዮን ሲይዝ መስመሩ እንደገና ሌላ ሆነ። ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ተረከዝ ሳይነሣ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ወፈር፣ አንዳንዴ ሰለል እያለ ገላው የት ጋ እንደሚሞላ፣ የት ጋ እንደሚሰበሰብ ይናገራል። ጥላ ሳይኖር ክብደት አለ። ከ1910 ጋር ሲተያይ «ለዘበ፣ ተገራ» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1910 መስመሩ የሚነግረን ሠዓሊው ምን እንደተሰማው ነው፤ በ1917 ሌላው ሰው እንዴት እንዳለ ይነግረናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። እርግጥ ወረቀቶቹን ደርድሮ ለሚያይ ሰው የ1910ን ያህል የሚያስደነግጥ ዓመት የለም፤ ይህን ማንም አይክድም።

የካቲት 1918 ክሊምት ሲሞት ሺሌ አስከሬን ክፍል ሄዶ የመምህሩን ፊት ሣለ። በመጋቢት ሴሴሽን የተባለው የቪየና ሠዓሊዎች ማኅበር ባዘጋጀው ትርኢት ዋናውን አዳራሽ ይዞ ሥራዎቹ ተሸጡለት፤ ድህነቱ ሊያበቃ ይመስል ነበር። በጥቅምት መጨረሻ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቤቱ ገባ። ጥቅምት 27 ቀን ነፍሰ ጡር ሚስቱን በሕመም አልጋዋ ላይ በክሬዮን ሣላት፤ በማግሥቱ ሞተች። እሱም ጥቅምት 31 ቀን ተከተላት።

ያ ወረርሽኝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያው ሰሞን አገራችን ገብቶ በ1911 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር አዲስ አበባን የፈጀው፣ አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት እሱው ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን የምናስበው ያንን ዘመን ነው። የሺሌ የመጨረሻ ወረቀትና የእኛ የኅዳር ጭስ የአንድ መከራ ሁለት መዝገቦች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ገብረ ክርስቶስ እንምጣ። በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ መስመርን ያወቀው አውሮፓ ሄዶ ሳይሆን አባቱ ቤት ነው። በ1957 ለትምህርት ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄደ። ናዚዎች በ1937 ሙኒክ ላይ «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ለመሳለቂያ ያቀረቡት የኤክስፕሬሽኒስቶቹ ሥራ ከጦርነቱ በኋላ ክብሩ የተመለሰበት ዘመን ነበር፤ ገብረ ክርስቶስም በዚያ አየር ተማረ። ተመልሶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ ብዙ ክርክር ተነሣ። «ይህ የኛ ነው ወይ?» ተባለ። በዚያው ዘመን የሠራው «ጎልጎታ» ስቅለትን በቀይ ቀለም ኃይል የያዘ ሥራ ነው፤ ከአባቱ ትምህርት የወሰደውን ርእስ በኮሎኝ ትምህርት ሠራው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ለዓመታት አስተማረ፣ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

ከአሰላ ሆኖ ይህን ለመማር የሚያስፈልገው ያን ያህል ውድ አይደለም። ሺሌ ራሱ በ1910 ቡናማ የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሣለ። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ወፈር ያለ ይፈለግ። የአየሩን ጠባይ ማወቅም ይጠቅማል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ጭጋጉ ከጭላሎ ሲወርድ ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ቀለም ወደ ቀለም እየገባ የ1911 ዓይነት ኩሬ ይሠራል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ሳይነካካ ይተወው። በጥርና በየካቲት ቀትር ላይ ግን ፀሐዩና ነፋሱ ብሩሹ ሳይመለስ ያደርቁታል፤ ያኔ መስመር ላይ መሥራት፣ ቀለሙን ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ መቀባት ይሻላል። የሺሌም መንገድ ይኸው ነበር። ላጲሱን ማስቀመጥ፣ በየወረቀቱ ጥግ ቀኑን መጻፍ፣ የተበላሸውንም አለመጣል። ከዓመት በኋላ ሲደረደሩ መስመሩ ወዴት እንደሄደ ለባለቤቱ ይታየዋል።

አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ደግሞ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይጎብኝ። ሙዚየሙ በ2008 ሲከፈት ጀርመን አገር የቆዩ ሥራዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው እዚያ ገብተዋል። እያንዳንዱ ሥራ ሥር የተጻፈውን ዓመት አስቀድሞ ማየት ጥሩ ነው። የሺሌን ያህል አንድ ሰልፍ ይዘው እንደማይሄዱ ወዲያው ይታያል። ገብረ ክርስቶስ የሰውን መልክ ትቶ ወደ ንጹሕ ቀለምና ቅርጽ ሄደ ሲባል ይሰማል፤ ሥራዎቹ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስኬድ ያሳያሉ። ረቂቅ ሥዕል በሠራባቸው ዓመታት ሰውንም ይሥላል። ስለዚህ ጥያቄው «መቼ ተወው?» ሳይሆን «ለየትኛው ነገር ሰውን፣ ለየትኛው ነገር ቀለምን ብቻ መረጠ?» የሚል ይሆናል፤ ለዚህ መልስ የሚፈልግ ሰው ግድግዳው ፊት ረጅም ሰዓት መቆም ይኖርበታል።